ኦርጋኑ ብቻውን ሲጫወት ምን እያለ ነው?

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው ሃምቡርግ ነው። ያደግኩት መካነ ኢየሱስ ነው፤ እዚህም በሐበሾች ጉባኤ መዘምራን ውስጥ ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ) ነኝ። ባለፈው የገና ሰሞን የሥራ ባልደረባዬ የባሮክ (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ) የኦርጋንና የሶፕራኖ ኮንሰርት ይዛኝ ሄደች። እውነቱን ልናገርና ጨነቀኝ። ዘማሪዋ ከጀርባችን ፎቅ ላይ ናት፣ አትታይም። ድምጿ ቀጥ ያለ ነው፣ አይርገበገብም። እሷ ትንሽ ትዘምርና ኦርጋኑ ብቻውን ረጅም ይጫወታል። ማንም አያጨበጭብም። አሁን ለሌላ ኮንሰርት ቲኬት ሰጥታኛለች። ፕሮግራሙ ላይ ሹትስ፣ ቡክስተሁደ፣ ቦምና ባኽ የሚባሉ የሙዚቃ ደራሲዎች ተጽፈዋል። ሉተራን ነኝ እያልኩ የሉተራን ሙዚቃ ባዕድ ሲሆንብኝ አፈርኩ። ምኑን ነው የምሰማው? ለመሆኑ በዚያ ዘመን ሴት በቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የምታፍሪበት ምክንያት የለም። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ሳድግ «ኦርጋን» የምንለው ግድግዳ ላይ የሚሰካውን፣ ከበሮውንም ራሱ የሚመታውን ኪቦርድ ነበር። ጀርመን መጥቼ የእውነተኛ ኦርጋን ሆድ ውስጥ የገባሁ ቀን፣ በጠባብ የእንጨት መሰላል ወጥቼ በቆርቆሮና በእርሳስ ቧንቧዎች ጫካ መካከል ስቆም፣ ለካ ኦርጋን ዕቃ ሳይሆን ቤት ነው አልኩ። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። በሰሜን ጀርመን ኦርጋን እጫወታለሁ፤ አንቺን ያስጨነቀሽን ዓይነት ኮንሰርትም ከሶፕራኖዎች ጋር አቀርባለሁ። ስለዚህ ከታች ከወንበሩ ሳይሆን ከላይ ከፎቁ ሆኜ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በረጅሙ የኦርጋን ጨዋታ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ይመዘዛልና። ኦርጋኑ ብቻውን የሚጫወተው ዘማሪዋ እስክታርፍ ጊዜ ለመሙላት አይደለም። እሷ በዚያ መሃል ውሃ መጠጣቷ እውነት ነው፤ ኦርጋኑ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነው። እሱም እየዘመረ ነው። ቃሉን የማያወጣው «ቃሉን አንቺ ታውቂዋለሽ» ብሎ ስለሚነሳ ነው።

ሉተር ምእመኑ ቁጭ ብሎ ካህናትና መዘምራን ሲያዜሙ እንዲሰማ ብቻ አልፈለገም፤ በገዛ ቋንቋው አብሮ እንዲዘምር ፈለገ። በ1524 አካባቢ ስምንት መዝሙር ብቻ የያዘች ቀጭን መጽሐፍ በኑርንበርግ ታተመች፤ በዚያው ዓመት በቪተንበርግ የዮሐን ቫልተር የመዘምራን መጽሐፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ መዝሙሩ በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀብሩ ተዘመረ። ቡክስተሁደ ሉቤክ ላይ ኦርጋን ፊት በተቀመጠበት ዘመን ከነጋዴው እስከ ቤት ሠራተኛዋ ድረስ ኮራል የሚባሉትን እነዚህን የጉባኤ መዝሙሮች ከነስንኛቸው በቃሉ የማይወጣ ጥቂት ነበር። ኦርጋኒስቱ የአንዱን ኮራል የመጀመሪያ አምስት ኖታ ሲነካ ታች ያለው ሕዝብ ቃሉን በልቡ ማለት ይጀምራል። ስብከቱ በዚያው ይቀጥላል።

አንቺን የጨነቀሽ እንግዲህ ጆሮሽ ስለማይሰማ አይደለም። የንግግሩ ግማሽ ተቆርጦብሽ ነው። ደግሞ ልንገርሽ፣ አጠገብሽ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ከነበሩት ጀርመኖች አብዛኞቹም ቃሉን አያውቁትም። ዛሬ እዚህ ኮራል በቃሉ የሚያውቅ ሰው እየተመናመነ ነው። በመዝሙር መጽሐፍ ያደግሽው አንቺ ምናልባት ከእነሱ ትቀርቢያለሽ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ የቤት ሥራ ነው። ፕሮግራሙን ያዢና በኦርጋን ብቻ ከሚቀርቡት ሥራዎች መካከል የመዝሙር ስም ያላቸውን ለዪ። «ፕሬሉዲየም»፣ «ቶካታ» ወይም «ፉጋ» የሚለው ነጻ ጨዋታ ነው፤ እሱን ተዪው። ርዕሱ ዐረፍተ ነገር ከሆነ ግን ኮራል ነው። ቃሉን ፈልጊ፤ በአማርኛ ካገኘሽው በአማርኛ፣ ካላገኘሽ የጀርመንኛውን ትርጉም አስነግሪ። ከዚያ ዜማውን ያለ ጌጥ፣ ባዶውን፣ አምስት ስድስት ጊዜ ዘምሪው። ሳህን ስታጥቢም ቢሆን። ይህን ሳታደርጊ ብትሄጂ እንደገና ይጨንቅሻል፤ አድርገሽ ብትሄጂ አዳራሹ ውስጥ የምታውቂው ሰው እንዳየሽ ይሆናል።

በቦም ላሳይሽ። ጌዮርግ ቦም ከ1698 እስከ 1733 የሉነቡርግ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ነበር። ከኮንሰርት ፕሮግራም የማይጠፋው ሥራው በ«ፋተር ኡንዘር ኢም ሂመልራይኽ» ላይ የተሠራው ነው። ይህ ሉተር «አባታችን ሆይ»ን በግጥም ያወጣበት መዝሙር ነው፤ በ1539 ታተመ፣ ዘጠኝ አንቀጽ አለው፦ አንዱ መጥሪያ፣ ሰባቱ ለሰባቱ ልመናዎች፣ የመጨረሻው ለአሜን። እያንዳንዱ አንቀጽ ስድስት ስንኝ ነው። ስድስቱን ቁጠሪ። ቦም ከታች የማይቸኩል ቤዝ ያስኬዳል፤ ከላይ በቀኝ እጅ ዜማውን በፈረንሳዮች ወግ እያሽሞነሞነ፣ አንዷን ኖታ በአሥር ትናንሽ ኖታዎች እየከበበ ያወጣዋል። ባዶውን ዜማ የማያውቅ ሰው የሚሰማው ጌጡን ብቻ ነው። የሚያውቀው ግን ከጌጡ በታች «አባታችን»ን ይሰማል፤ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ አውቆ ይጠብቃል፣ ቦምም እያዘገየ ያጓጓዋል። በፕሮግራምሽ ላይ ያለው ይህ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አጥኚ።

ሉነቡርግን ካነሳሁ አንድ ነገር ላስገባ። ባኽ በ1700 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ እዚያች ከተማ ለትምህርት መጣ። በ2006 ቫይማር ውስጥ በልጅ እጅ የተጻፉ የኦርጋን ኖታዎች መገኘታቸው ተነገረ፤ አንዱ ላይ «በጌዮርግ ቦም ዘንድ፣ 1700፣ ሉነቡርግ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ አለ። እጁ የባኽ ነበር። እኛን የሚነካው ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያው በሉነቡርገር ሃይደ አገር ሄርማንስቡርግ የምትባል መንደር አለች። ሉድቪግ ሃርምስ የተባለ ፓስተር በ1849 የሚስዮን ትምህርት ቤት ከፈተባት። በ1853 ወደ ኦሮሞ አገር እንሄዳለን ብለው መርከብ አስነሱ፤ የመርከቧም ስም በሐዋርያት ሥራ ላይ ካለችው ከኢትዮጵያ ንግሥት ተወስዶ «ካንዳዜ» ተባለ። መግባት አልተሳካላቸውም፤ ደቡብ አፍሪካ ናታል ቀሩ። ወለጋ፣ አይራ ላይ የደረሱት ከሰባ ዓመት በላይ ቆይተው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተመሠረተችባቸው ሥሮች አንዱ ይህ ነው። የቦም ኦርጋን የሚደወልበት አገርና ወለጋ ላይ ጀርመኖች ያስተማሩት መዝሙር የወጣበት አገር አንድ ነው፤ «ባዕድ» ላልሽው የምመልስልሽ ይህንን ነው።

ከባኽ «ኦርገልቡኽላይን» ደግሞ፣ ከትንሿ የኦርጋን መጽሐፍ፣ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ሁለት ገጽ ሳይገባ አይቀርም። አብዛኛውን ቫይማር ሳለ፣ ከ1708 እስከ 1717 ባለው ጊዜ የጻፈው ነው። 164 ኮራል አቅዶ፣ በየባዶው ገጽ አናት ላይ ርዕስ ጽፎ፣ የሠራው 46 ብቻ ነው። የቀሩት ገጾች ርዕሳቸውን ይዘው ባዷቸውን ቀሩ። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ባኽ ግን በዚያች ጥቂት ጊዜ የመዝሙሩን አንድ ሐሳብ ይዞ አይለቅም። «ዱርኽ አዳምስ ፋል» የሚለውን ስሚ፤ «በአዳም ውድቀት» ማለት ነው። ግጥሙ የኑርንበርግ ከተማ ጸሐፊ የነበረው የላዛሩስ ሽፔንግለር ነው፣ የ1524። ዜማው ከላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በእግር የሚጫወተው ቤዝ ግን በየጊዜው ከላይ ወደ ታች ይወድቃል፤ ደረጃ በደረጃ አይወርድም፣ ገደል እንደገባ ሰው ነው የሚወድቀው። በመካከል ያሉት ድምፆች እንደ እባብ ይጠማዘዛሉ። ርዕሱን ያላነበበ ሰው «ጨለማ ያለበት ነገር» ብሎ ያልፈዋል። ርዕሱን ያነበበ ሰው አዳም ሲወድቅ በእግሩ ጫማ በኩል ይሰማዋል። አጋኖ አይደለም፤ ትልቅ ኦርጋን ሲጫወት የወንበሩ እንጨት ራሱ ይነዝራል።

«ኢኽ ሩፍ ትሱ ዲር» ከተሰጠሽ ደግሞ ምንም አትተንትኚ። «ወደ አንተ እጣራለሁ» ነው፤ ሦስት ድምፅ ብቻ አለው። እሱን ዝም ብለሽ ስሚው።

አሁን ወደ ዘማሪዋ። ኦርጋንና አንድ ሶፕራኖ ብቻ የሚሆኑበት ምክንያት ሁልጊዜ የውበት ምርጫ አልነበረም፤ ችግርም ነበር። ሃይንሪኽ ሹትስ በወጣትነቱ ቬኒስ ሄዶ ከጆቫኒ ጋብሪኤሊ ዘንድ የተማረ ሰው ነው። እዚያ የለመደው በየሰገነቱ መዘምራን ተከፋፍለው፣ መለከትና ትሮምቦን ታክሎበት የሚሰማውን ነጎድጓድ ነበር። ድሬስደን በሳክሶኒው መስፍን ቤት ሲሠራ እንዲህ ዓይነቱን ድርሰት ጽፏል። ከዚያ በ1618 የጀመረው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ሁሉን በላው። ደመወዝ ቆመ፣ መዘምራን ተበተኑ። ሹትስ በ1636 እና በ1639 «ትናንሽ መንፈሳዊ ኮንሰርቶች» ብሎ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ፤ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ቢበዛ ለአምስት ዘማሪና ለኦርጋን ብቻ። በመግቢያው ላይ ጦርነቱ ሙዚቃን ምን እንዳደረገው በግልጽ ያማርራል። ያለው ሰው ይህ ብቻ ስለሆነ ለዚያ ሰው ጻፈ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈተው «አይለ ሚኽ፣ ጎት» በሚለው ነው፤ መዝሙር 70፣ «እኔን ለመርዳት ፍጠን» የሚለው ጸሎት ነው። አንድ ሶፕራኖና የኦርጋኑ የቤዝ መስመር ብቻ። ሹትስ ንግግር በሚመስል አነባበብ እንዲዘመር ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያምር ረጅም ዜማ አትጠብቂ። ቃሉ ራሱ ሲቸኩል፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲጣራ ነው የምትሰሚው። ከበባ ውስጥ ያለ ሰው አስተካክሎ አይዘምርም። እኔ ይህን ሥራ ባጀብኩ ቁጥር በጣም ትንሽ ነው የምጫወተው። ኦርጋኒስቱ ፊት ያለው ወረቀት ላይ የቤዙ መስመርና ከበላዩ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ 6፣ 7፣ 4 እያለ የትኛው ድምፅ ከቤዙ ጋር እንደሚሄድ ይጠቁማል እንጂ ኖታው ሁሉ አልተጻፈም። ቀሪውን ኦርጋኒስቱ እዚያው ከዘማሪዋ ትንፋሽ ጋር እያየ ይሞላዋል። ለዚህም ነው መሪ የማያስፈልገን። የምንተያየው በትንፋሽ ነው፤ እሷ አየር ስትስብ እጄ ይነሳል።

ቡክስተሁደን ስንወስድ ዘመኑ ሌላ ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1668 የሉቤክ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከእሱ በፊት የነበረውን የፍራንትስ ቱንደርን ልጅ አገባ። እስከ ሞተበት እስከ 1707 ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም። የቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ ያዥም እሱ ነበር፤ ኦርጋኑን የሚጫወተው እጅ የጥገና ደረሰኝ ይመዘግባል። ቱንደር ለነጋዴዎች የጀመረውን ጨዋታ እሱ በዓመት አምስት እሑዶች ወደሚደረግ ትልቅ «የምሽት ሙዚቃ» አሳደገው፤ የሚከፍሉት ነጋዴዎች ነበሩ፣ የሚሰማው ግን በነጻ ይገባ ነበር። አንቺ የምትሄጂበት ዓይነት ኮንሰርት፣ ማለትም ቅዳሴ ያልሆነ ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደረግ መንፈሳዊ ሙዚቃ፣ ከቀደሙት አባቶቹ አንዱ ይህ ነው። ባኽ በ1705 መኸር ከአርንሽታት ተነስቶ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ የሄደው ይህንን ለመስማት ነው። የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ አራት ወር ገደማ ቆየ። አለቆቹ ምን እንዳሉት ኋላ እነግርሻለሁ።

ከቡክስተሁደ የሶፕራኖ ሥራዎች እኔ «ክላግሊድ»ን አስቀድማለሁ፤ ፕሮግራምሽ ላይ ከሌለም ፈልገሽ ስሚው። በ1674 አባቱ ሲሞቱ የጻፈው የሐዘን መዝሙር ነው። አባትየው ራሳቸው ዴንማርክ ሄልሲንገር ላይ ኦርጋኒስት ነበሩ። ሙሾ በለው፣ ግን ደረት የማይደቃበት ሙሾ ነው። ሰባት አንቀጽ አለው፣ ዜማው በየአንቀጹ ያው ነው፤ የሚያጅቡት መሣሪያዎች ደግሞ በእያንዳንዷ ኖታ ላይ እንዲንቀጠቀጡ ታዘዋል። ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ያንን መንቀጥቀጥ ኦርጋኑ ይወስደዋል። መክፈቻው ሌላ ምንም ሊፈታው ያልቻለውን ሞት ይፍታውን? ብሎ ይጠይቃል። ወደ መጨረሻው ሲደርስ አባቴ አሁን የደስታ መዝሙሩን በሰማይ ክላቪየር (የኪቦርድ መሣሪያ) ላይ እየተጫወተ ነው ይላል። ኦርጋኒስት ልጅ ኦርጋኒስት አባቱን ሲቀብር ሌላ ምን ይበል? ብዙ ኮንሰርት ላይ ጊዜ ለመቆጠብ ሦስት አንቀጽ ብቻ ይዘመራል፤ ብዙውን ጊዜ ይህኛው ይቆረጣል። እኔ አላቆርጠውም፤ ሌላ ነገር ይቆረጥ።

ሴት ትዘምር ነበር ወይ ላልሽው፦ በመዝሙር አብራ ትዘምር ነበር፣ እንደ ማንኛውም ምእመን። በፎቁ ላይ ብቻዋን ቆማ መዘመር ግን ሌላ ነገር ነው። «ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ» የሚለው የጳውሎስ ቃል ይጠቀስ ነበር። የሶፕራኖውን ድምፅ የሚዘምሩት ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንዶች ልጆች፣ አንዳንዴም ድምፃቸውን የሚያቀጥኑ ትልልቅ ወንዶች ነበሩ። አሁን የባኽን አለቆች ልጨርስልሽ። ከሉቤክ ሲመለስ የት ቆየህ ብለው ገሠጹት፤ ኮራሉን እንግዳ በሆነ ኖታ እያወሳሰብክ ምእመኑን አደናገርክ አሉት። በ1706 ኅዳር ደግሞ ሌላ ክስ ጨመሩ፦ አንዲት እንግዳ ልጃገረድ ወደ መዘምራኑ ፎቅ አውጥተህ እንድትዘምር የፈቀድክላት በምን ሥልጣን ነው? መዝገቡ ላይ ስሟ የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1721 ባኽ ያገባት ሁለተኛ ሚስቱ አና ማግዳሌና በኮተን መስፍን ቤት በደመወዝ የምትሠራ ሶፕራኖ ነበረች።

ያንቺው ከተማ ሃምቡርግ ከሌሎቹ ቀደም ብላለች። በ1715 ገደማ ዮሐን ማተዞን በካቴድራሉ የሙዚቃ ኃላፊ ሲሆን ሴት ዘማሪዎችን ከኦፔራው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመጣ። ኋላ በ1739 ሲጽፍ መጀመሪያ ላይ ማንም በማያያቸው ቦታ እንዳቆማቸው በብርቱ ተጠይቆ እንደነበር፣ በመጨረሻ ግን ሰዉ ሰምቶም አይቶም አልጠግብ እንዳለ ያስታውሳል። ያንቺ ዘማሪ ከጀርባ መሆኗ ግን ከዚህ የመጣ አይደለም። ኦርጋኑ በምዕራብ በኩል ባለው ፎቅ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም። እሷ መሠዊያው ጋ ብትቆም ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 40 ሜትር ርቀት ላይ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይዘገያል። በፈጣን ዜማ ላይ ይህ ማለት ሁልጊዜ አንዳችን ቀድመን አንዳችን ዘግይተን ነው። ስለዚህ እሷ ወደ እኔ ትወጣለች፤ አንቺ ደግሞ አይተሽ ሳይሆን ሰምተሽ ትሄጃለሽ። አንዳንድ ቦታ ትንሽ ሣጥን የመሰለች የእንጨት ቧንቧ ኦርጋን ፊት ለፊት ያመጡና ለመዝሙሩ በዚያች ያጅባሉ፤ ያኔ ታዪያታለሽ።

ቀጥ ያለው ድምፅ። ክራር ሲቃኝ አጠገቡ ተቀምጠሽ ታውቂ እንደሆነ፣ ሁለት ክር አብሮ ሲመታ መጀመሪያ ድምፁ ይወዛወዛል፤ ቃኚው ችንካሩን በጥቂቱ ሲያዞር ውዝዋዜው እየዘገየ ሄዶ ይጠፋል፣ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። የዛሬ ፒያኖና ኪቦርድ ይህንን አያደርጉም፤ በሁሉም ቅኝት እንዲያገለግሉ ተብሎ እያንዳንዱ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ተዛብቷል፣ ጆሯችንም ለምዶታል። የድሮ ኦርጋን ግን ብዙ ጊዜ የሚዘመርባቸው ቅኝቶች እንዲጠሩ ተደርጎ ይቃኛል። ዕዳው ሁሉ ብዙም በማይነካ አንድ ማዕዘን ይጠራቀማል፤ እዚያ የሚጮኸውን ድምፅ ፈረንጆች «ተኩላ» ይሉታል። ጅብ ቢሉት ለእኛ ይቀለን ነበር። ዘማሪዋ ድምጿን ሳታወዛውዝ ከዚህ ጠራ ካለ ድምፅ ጋር ስትገጥም እሷና ቧንቧው የት እንደሚለያዩ ይጠፋሻል። ድምጿን በሰፊው ብታርገበግብ ያ መግጠም አይሰማም። ቢሆንም ከእኔ ሙያ ሰዎች ጋር እዚህ ላይ አልስማማም። ፈጽሞ እንደ ሽቦ የተወጠረ ድምፅ የዘመናችን ፋሽን ነው ባይ ነኝ። የድሮ ኦርጋኖች ራሳቸው «ትሬሙላንት» የሚባል፣ ነፋሱን አናውጦ ድምፁን የሚያርገበግብ መሣሪያ አላቸው። ያልወደዱት ነገር ቢሆን ኖሮ ገንዘብ አውጥተው ባላስገጠሙት። ጥሩ ዘማሪ ኖታውን ቀጥ አድርጋ ትጀምርና ቃሉ ሲጠይቅ ትለቀዋለች።

ኮንሰርቱ በሃምቡርግ ቅዱስ ያዕቆብ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። አርፕ ሽኒትገር ከ1689 እስከ 1693 የሠራው ኦርጋን ነው፤ ለእጅ አራት ረድፍ፣ ለእግር አንድ፣ 60 የድምፅ ዓይነት፣ 4000 ያህል ቧንቧ። የፊት ቧንቧዎቹ በ1917 ለጦርነት ብረት ተወስደዋል፤ የቀረው በሁለተኛው ጦርነት ተነቃቅሎ ስለተደበቀ ከቦምቡ ተረፈ፤ በ1993 ዩርገን አሬንድ አድሶ ጨረሰው። ይህ ኦርጋን ከዛሬው ልኬት አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ይበልጣል፤ የዛሬው «ላ» 440 ሄርዝ ሲሆን የእሱ 495 አካባቢ ነው። ሶፕራኖ ስለሆንሽ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል፦ ወረቀት ላይ «ሶል» ያየችው ዘማሪ ከጉሮሮዋ «ላ» ማውጣት አለባት። ዝቅ አድርገን እንጫወት ብንል ደግሞ ተኩላው ይጠብቀናል።

ባኽ በ1720 ለዚህ ኦርጋን አመልክቶ ነበር። ቦታው 4000 ማርክ ለቤተ ክርስቲያኑ ላስገባ ሌላ ሰው ተሰጠ። በዚያው ጉብኝት በአጠገቡ ባለው ቅድስት ካታሪና፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋኒስት ሽማግሌው ራይንከን ባለበት፣ «አን ቫሰርፍሉሰን ባቢሎን» በሚለው ኮራል ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከአእምሮው እያፈለቀ ተጫወተ። ያ ኮራል ለእኛ ስደተኞች የማይጠፋን መዝሙር 137 ነው፤ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠን አለቀስን የሚለው። ራይንከን ይህ ጥበብ የሞተ መስሎኝ ነበር፣ በአንተ ውስጥ ሲኖር አየሁ አለው ይባላል።

የቀረው ትንሽ ነው። ከፎቁ ሥር አትቀመጪ፤ ከመካከለኛው ወንበሮች ትንሽ ወደ መሠዊያው ብትሆኚ ድምፁ ተሰብስቦ ይደርስሻል። ቀድመሽ ግቢና ካፖርትሽን አታውልቂ፤ ለእኛ ስትይ ሳይሆን ለቧንቧው። አንድ ክረምት በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጠዋት በብርድ ቃኝተን፣ ማታ ሰው እንዳይበርደው ብለው ማሞቂያውን ለኮሱት። ሙቀት ሲገባ የተራ ቧንቧዎች ቅኝት ከፍ ይላል፤ በውስጣቸው የነሐስ ምላስ ያላቸው ግን ባሉበት ይቆያሉ። በመጀመሪያው መዝሙር ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍት ሶፕራኖዋ ወደ እኔ ዞራ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የቱን ልከተል? ማለቷ ነበር።

ጭብጨባውን በተመለከተ፦ በየመዝሙሩ መካከል አይጨበጨብም፤ የመጨረሻው ድምፅ ጣራው ሥር ዞሮ እስኪያልቅ አራት አምስት ሴኮንድ ጠብቂና ሌላው ሲጀምር ጀምሪ። የሕማማት ሰሞን ከሆነ ጨርሶ ላይጨበጨብ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግርጌ ላይ ይጽፉታል። ስታጨበጭቢ ግን ዞረሽ ወደ ላይ ተመልከቺ፤ ያኔ ዘማሪዋን ታዪያታለሽ።